«ልዩነት አላገኘሁም» ብዬ ጉባኤ ፊት ልቁም?

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ፣ የዓምዱ አዘጋጅ። ጽሑፎችዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። እኔም አንድ ቀን እጽፍልዎታለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴን በመልክዓ ምድር ሥነ ምህዳር እየጨረስኩ ነው። ጥናቴ በእርሻ መሬት መሀል ተበታትነው በቀሩ 28 ቁራጭ ደኖች ውስጥ ስላሉ ወፎች ነው። ሁለት የመራቢያ ወቅት ሙሉ ጎህ ሳይቀድ እየተነሳሁ፣ በየደኑ 10 ደቂቃ ቆሜ ያየሁትንና የሰማሁትን ወፍ ሁሉ መዝግቤያለሁ። ካርታውን ከላንድሳት የሳተላይት ምስል ሠራሁ። የጠበቅኩት ነገር ግልጽ ነበር። ከሌሎች ደኖች ርቆ ብቻውን የቀረ ደን ጥቂት የወፍ ዓይነት ይኖረዋል ብዬ ነበር።

አልሆነም። ብቻውን የቀረውም፣ ከጎረቤቶቹ የተጠጋውም ያው ነው። ልዩነት የለም። ሦስት ጊዜ ደግሜ ሠራሁት፤ ያው ነው።

አሁን አንድ ትልቅ ዓለም አቀፍ የመልክዓ ምድር ሥነ ምህዳር ጉባኤ አብስትራክት (የጥናት አጭር ማጠቃለያ) መቀበሉን ሊያቆም 12 ቀን ቀርቶታል። አድቫይዘሬን ላስገባ ወይ ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ምንም ያልተገኘበትን ጥናት ማን ይሰማል? በየደኑ ዙሪያ ያለውን መሬት የለካሽበትን ሬዲየስ እየቀያየርሽ ሞክሪው፤ አንዱ ላይ ይወጣልሻል። ካልወጣ ለሚቀጥለው ይቆይ» አሉኝ። መጥፎ ሰው አይደሉም፤ ብዙ ረድተውኛል። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ ውስጤን እየበላኝ ነው።

ሌላም አለ። አንድ ጓደኛዬ ሁለቱንም ወቅት አብሮኝ ነበር። ወፍን በድምፅ መለየት ያስተማረኝ እሱ ነው። ከቆጠራው ግማሹን የሠራውም እሱ ነው። ስሙ ከጸሐፊዎቹ ጋር ይግባ ስል አድቫይዘሬ «የመስክ ረዳት ምስጋና ይበቃዋል» አሉ። እሱ አንድም ቀን ስለዚህ ጠይቆኝ አያውቅም። ባለፈው ሳምንት ግን «የጉባኤው ነገር እንዴት ሆነ?» ሲለኝ ዓይኑን ማየት አቃተኝ።

ከሁለት ዓመት በፊት ለሌላ ጉባኤ ያስገባሁት አብስትራክት ተቀባይነት አላገኘም። ምክንያቱን እንኳ አልጻፉልኝም። ዳግም «እናዝናለን» የሚል ኢሜይል ከማነብ ባላስገባው ይሻላል እያልኩ ራሴን አሳምናለሁ። ማታ ማታ ደግሞ ፋይሉን ከፍቼ የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር አያታለሁ። «የደን መቆራረጥ በዓለም አቀፍ ደረጃ ለብዝኃ ሕይወት ከፍተኛ ስጋት መሆኑ ይታወቃል» ትላለች። ከእሷ አላለፍኩም። ላስገባ ወይስ ልተወው?

ልቧ ለሁለት የተከፈለባት


መልስ፦

ውድ እህቴ፣

አስገቢ። የቀረሽ 12 ቀን ብቻ ስለሆነ መልሴን ለመጨረሻ ላቆየው አልፈለግኩም። ከዚህ በታች የምጽፍልሽ ሁሉ እንዴት ታስገቢዋለሽ የሚለውን ነው። አንዱ መንገድ በሰላም ያደርሳል፣ ሌላው ኋላ ያስቆጫል።

ከዚያ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ብቻቸውን የቀሩት ደኖች እንዳሰብሽው ወፋቸው ጥቂት ሆኖ ቢገኝ ኖሮ ይህን ደብዳቤ ትጽፊልኝ ነበር? አይመስለኝም። ቆጠራው ያው፣ ንጋቱ ያው፣ እግርሽን ያረጠበው ጤዛም ያው ነበር። የተለየው መልሱ ብቻ ነው። ጥያቄሽ ጥሩ ከነበረና አቆጣጠርሽ ጥንቃቄ ካልጎደለው፣ መልሱ ወዲህ ወይም ወዲያ ስላዘነበለ ጥናቱ ዋጋ አያጣም። «ምንም ያልተገኘበት» የሚለው አባባልም ትክክል አይደለም። የተጠበቀው ልዩነት በ28 ደኖች፣ በሁለት ወቅት ቆጠራ አልታየም። ይህን ስለእነዚያ ደኖች ከአንቺና ከጓደኛሽ በፊት የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ደግሞ የያዝሽው ነገር ሙያው ለዓመታት ሲከራከርበት የኖረ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የሥነ ምህዳር ተመራማሪዎቹ ሮበርት ማክአርተርና ኤድዋርድ ዊልሰን ስለ ደሴቶች አንድ ንድፈ ሐሳብ አቀረቡ። ትንሽ የሆነችና ከዋናው ምድር የራቀች ደሴት ጥቂት ዝርያ ትይዛለች የሚል ነው። ብዙ ተመራማሪዎች ይህን ወደ የብስ አመጡት። ቁራጩ ደን ደሴት፣ እርሻው ባሕር ሆነ። አንቺም የጠበቅሽው ነገር የመጣው ከዚያ ነው። እርሻ ግን ባሕር አይደለም። ወፍ ማሳ መሀል በቀረች አንዲት ዛፍ ላይ አርፋ ትንፋሽ ትወስዳለች። በአጥር ቁጥቋጦ ተጠግታ ትሻገራለች። እ.ኤ.አ. በ2013 ካናዳዊቷ ተመራማሪ ሌኖር ፋሪግ ነገሩን በሌላ በኩል አነሳችው። በአንድ የናሙና ቦታ ስንት ዝርያ እንደሚገኝ የሚወስነው የቁራጯ ስፋትና ርቀት ለየብቻ ሳይሆን፣ በአካባቢው ያለው የመኖሪያ ጠቅላላ መጠን ነው የሚል መላምት አቀረበች። የሚደግፏት አሉ፤ አጥብቀው የሚቃወሟትም አሉ። ክርክሩ አልበረደም። አንቺ ተነስተሽ «በእኔ ደኖች ርቀት ለውጥ ሲያመጣ አላየሁም» ስትዪ፣ አዳራሹ ውስጥ ወንበሩን አስተካክሎ የሚቀመጥ ሰው አታጪም።

ያ ሰው ምን ብሎ እንደሚጠይቅሽም ከወዲሁ ልንገርሽ። «በየደኑ ዙሪያ ጠቅላላው ደን ምን ያህል ነው?» ይልሻል። ሬዲየስ ካልሽ ቁጥሩ እጅሽ ላይ አለ ማለት ነው። ከርቀቱ ጎን አስቀምጪውና ምን እንደሚመስል እዪው።

አሁን ወደ ደብዳቤሽ ልመለስ። አንድ ቦታ ላይ «ልዩነት የለም» ብለሻል። እዚህ ጋ ትንሽ ላቁምሽ። «ልዩነት የለም» እና «ልዩነት አላገኘሁም» በጣም የተራራቁ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ስለ ዓለም ነው፤ ሁለተኛው ስለ ጥናትሽ። በ28 ደን ትልቅ ልዩነት ካለ ይታያል፤ ትንሽ ልዩነት ግን ሊያመልጥ ይችላል። ስለዚህ «ልዩነቱ ጉልህ አይደለም» ብለሽ አትለፊው። ግምቱን ከነአለመተማመኛ ወሰኑ አስቀምጪ። ደኑ በአንድ ኪሎ ሜትር ሲርቅ የዝርያው ብዛት ከስንት እስከ ስንት ሊቀንስ ወይም ሊጨምር ይችላል? ወሰኑ ጠባብ ከሆነ «ርቀት እዚህ ብዙም አይሠራም» ለማለት ድፍረት ይሰጥሻል። ሰፊ ከሆነ ደግሞ «ዳታዬ ሊወስን አልቻለም» ትያለሽ። ሁለቱም ሐቀኛ መልስ ናቸው። የሚለያዩት በሚሸከሙት ክብደት ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ካርታሽ ያሳስበኛል።

ጀርመናዊው የጂኦግራፊ ሊቅ ካርል ትሮል እ.ኤ.አ. በ1939 ለዚህ ሙያ ስሙን ሲያወጣለት፣ መነሻው ከአውሮፕላን የተነሱ ፎቶዎች ነበሩ። ሙያው ከላይ በማየት ተወለደ ማለት ነው። ከላይ ማየት ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር ይሰውራል። የላንድሳት አንድ ፒክስል፣ ማለትም ምስሉ የተሠራበት ትንሹ ካሬ፣ 30 ሜትር በ30 ሜትር ነው። ያ 900 ካሬ ሜትር መሬት በካርታሽ ላይ አንድ ቀለም ብቻ ይኖረዋል፤ ደን ወይም እርሻ። በአንድ ጅረት ዳር ወርዱ ስድስት ሰባት ሜትር የሆነ የዛፍ ረድፍ ቢኖር ከማሳው ጋር ተቀላቅሎ ይጠፋል። ካርታሽ «ይህ ደን ብቻውን ነው» ይልሻል። ወፏ ግን ያንን ረድፍ ተከትላ ጠዋት ማታ ትመላለሳለች።

እስኪ ዓይንሽን ጨፍነሽ ወደ ደኖቹ ተመለሺ። «ብቻውን የቀረ» ካልሻቸው ወደ አንዱ ስትሄጂ በምን በኩል ነበር የምታልፉት? በጅረት ዳር? በዛፍ የታጠረ ማሳ ነበር? ጓደኛሽ «ስሚ፣ ያቺ ወፍ» ብሎ ያስቆመሽ ደኑ ውስጥ ሳትገቡ ገና መንገድ ላይ ሆናችሁ አልነበረም? ይህን የምጠይቅሽ ውጤትሽን ለማስተባበል አይደለም። ሳተላይቱ ያላየውን በእግራችሁ ሄዳችሁ ያያችሁ እናንተ ስለሆናችሁ ነው። ሴንቲኔል-2 የሚባለው ሌላ ሳተላይት ምስል 10 ሜትር ድረስ ያሳያል፤ አንዱ የላንድሳት ፒክስል ውስጥ ዘጠኝ ይገባል። በነፃም ይገኛል። 28ቱንም በ12 ቀን ውስጥ ድጋሚ ካርታ አውጪ አልልሽም፤ ያደክምሻል። አምስት ስድስቱን ብቻ ከፍተሽ ተመልከቺ። የዛፍ ረድፎቹ ከታዩሽ፣ አብስትራክቱ ላይ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ጠቁሚው። የመልክዓ ምድር ሥነ ምህዳር ሰው «በምን ያህል ፒክስል፣ በምን ያህል ስፋት ላይ?» ሳይል አያድርም። ቀድመሽ ከመለስሽለት ያከብርሻል።

ሌላም ልትጠየቂ የምትችይው ነገር አለ። ደኖቹ የተቆራረጡት መቼ ነው? በቅርብ ከሆነ ወፎቹ ገና ሳይሄዱ ቆጥረሻቸው ይሆናል። ሙያተኞቹ «የመጥፋት ዕዳ» ይሉታል፤ መኖሪያው ዛሬ ይጠፋል፣ ዝርያው የሚጠፋው ከዓመታት በኋላ ነው። መልሱን ባታውቂው ምንም አይደለም። ጥያቄው ሲመጣ ግን አዲስ አይሁንብሽ።

ወደ ሬዲየሱ እንምጣ። ውስጥሽን የበላሽ ነገር ይህ ይመስለኛል፤ መብላቱም ትክክል ነው።

ሬዲየስ መቀያየር በራሱ ጥፋት አይደለም። እንዲያውም የሙያው ወግ ነው። አንዲት ትንሽ ወፍና አንድ ጭልፊት አካባቢያቸውን በአንድ ስፋት አይጠቀሙም። ስለዚህ 250 ሜትር፣ 500 ሜትር፣ 1 ኪሎ ሜትር፣ 2 ኪሎ ሜትር እያሉ መለካት የተለመደ ነው። ችግሩ ያለው አድቫይዘርሽ «አንዱ ላይ ይወጣልሻል» ባሉት ውስጥ ነው። የተለመደው መስፈርት በአጋጣሚ የመሳሳት ዕድልን 5 በመቶ ድረስ ይፈቅዳል፤ ስለዚህ ምንም ግንኙነት በሌለበት 20 ጊዜ ብትሞክሪ፣ አንዱ በአጋጣሚ ብቻ «ሊወጣልሽ» ይችላል። የወጣውን ይዘሽ ሌሎቹን ብትደብቂ አጋጣሚውን እንደ ግኝት አቀረብሽ ማለት ነው። መድረክ ላይ አንዱ «ሌሎቹ ሬዲየሶችስ?» ቢልሽ ምን ይዋጥሽ? ሁሉንም ሞክሪ፤ ሁሉንም በአንድ ሥዕል ላይ ደርድሪ። አራቱም ሬዲየስ ላይ መስመሩ ዜሮን ተጠግቶ ከሄደ፣ ያ ሥዕል አንድ ሬዲየስ ብቻ ከያዘው ጥናት በጣም የጠነከረ ነው። እንዲህ ከሆነ የአድቫይዘርሽን ምክር ግማሹን ተቀበልሽ፤ ግማሹን ደግሞ በአክብሮት መለስሽ።

በስታቲስቲክስ ዘንድ የቆየ ስጋት አለ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሮበርት ሮዘንታል እ.ኤ.አ. በ1979 የመሳቢያ ችግር ብሎ ሰየመው። «የወጣላቸው» ጥናቶች ይታተማሉ፤ «ያልወጣላቸው» መሳቢያ ውስጥ ይቀራሉ። ኋላ አንድ ሰው የታተመውን ብቻ ሰብስቦ ሲያይ ዓለም ሁሉ አንድ ዓይነት ይመስለዋል። የደን መተላለፊያ የት ይተው፣ የትኛው ቁራጭ ይጠበቅ ብለው የሚወስኑ ሰዎች ያንን ነው የሚያነቡት። ያንቺ 28 ደኖች መሳቢያ ውስጥ ሲቀሩ የሚጎድለው ካንቺ ብቻ አይደለም።

ስለ አድቫይዘርሽ ትንሽ ልበል። መጥፎ ሰው አይደሉም ብለሻል፤ እኔም አምኜሻለሁ። ምናልባት ዳግም ተቀባይነት አጥተሽ እንዳትሰበሪ ፈርተው ይሆናል። እሳቸውም በወጣትነታቸው «ምንም አላገኘህም» ተብለው ይሆናል። ጠይቀሻቸው ታውቂያለሽ? ሳይስማሙ ግን አታስገቢ። ጥናቱ የጋራ ነው፤ በአብዛኞቹ ጉባኤዎች ስሙ የተጻፈ ሁሉ አይቶ መስማማት አለበት። ከኋላቸው ብትሄጂ ደግሞ የያዝሽው ንጹሕ ነገር በከንቱ ይቆሽሻል። «ማን ይሰማል?» የሚለውን ፊት ለፊት ከመከራከር ይልቅ የተጻፈ ነገር እጃቸው ላይ አድርጊ። ሰው ባዶ ሐሳብን እንደሚከለክለው የተጻፈ ገጽን አይከለክልም። ለምሳሌ እንዲህ ብትያቸውስ፦

«ስለ ሬዲየሱ የሰጡኝን ሐሳብ አስቤበታለሁ። አራቱንም ሬዲየስ ሞክሬ ሁሉንም በአንድ ሥዕል ላሳይ ነው። አንዱን ብቻ መርጬ ካቀረብኩ ግን ስጠየቅ የምመልሰው አይኖረኝም። አብስትራክቱን አያይዣለሁ። እስከ ማክሰኞ ቢያዩልኝ ሐሙስ አስገባዋለሁ። እርስዎ ሳይስማሙ አላስገባም።»

ቀን መቁረጥሽን አትፍሪው። ቀን ያልተቆረጠለት ኢሜይል ሥር ሥር ይወርዳል። አንድ ነገር ደግሞ አረጋግጪ፤ ጉባኤው የዓለም አቀፉ የመልክዓ ምድር ሥነ ምህዳር ማኅበር የዓለም ጉባኤ ነው? ከሆነ በአራት ዓመት አንዴ ነው የሚካሄደው። እ.ኤ.አ. በ2015 ፖርትላንድ፣ በ2019 ሚላኖ፣ በ2023 ናይሮቢ ነበር። «ለሚቀጥለው ይቆይ» ማለት በዚህ ስሌት ረጅም ነው፤ ያኔ አንቺ ሌላ ቦታ ልትሆኚ ትችያለሽ። የአንድ አገር ወይም የአህጉር ማኅበር ስብሰባ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ቶሎ ስለሚመለስ ነገሩ ይቀልላል። ይህን ለእሳቸውም ንገሪያቸው፤ ልብ ሳይሉት ቀርተው ይሆናል።

ፈጽሞ እንቢ ቢሉስ? ያማል፤ አልዋሽሽም። ያኔ አታስገቢ፤ ግን በዝምታ አትውጪ። «ታዲያ ምን ቢሟላ ይስማማሉ?» በይና ቁርጥ ያለ መልስ ተቀበዪ። የጎደለው የሴንቲኔል ካርታው ከሆነ የምትሠሪው ነገር አለሽ። በትምህርት ክፍላችሁ ስብሰባ ላይ እንዳቀርበው ይፍቀዱልኝ ማለትም ትችያለሽ።

አሁን ጓደኛሽ። እዚህ ላይ ያንቺ ስሜት ትክክል ይመስለኛል። ብዙ መጽሔቶች የሚጠቀሙበት፣ ለአንድ ጥናት የተደረገን አስተዋጽኦ በ14 ዓይነት የሚከፋፍል አሠራር አለ። መስክ ወጥቶ ዳታ መሰብሰብ ከ14ቱ አንዱ ነው። ይህ ብቻውን ጸሐፊ ያደርጋል ማለት አይደለም። ብዙ ቦታ ጸሐፊ የሚባለው ለጥናቱ አእምሯዊ ድርሻ ያበረከተ፣ ጽሑፉን አንብቦ ያረመና ለሚቀርበው ነገር ኃላፊነት የሚወስድ ነው። ታዲያ የሁለት ወቅት ወፍ በድምፅ ለይቶ፣ ለአንቺም አስተምሮ፣ ግማሹን የቆጠረ ሰው የአእምሮ ድርሻ የለውም ማለት እንዴት ይቻላል? የዳታሽ ታማኝነት ያረፈው በእሱ ጆሮ ላይ ነው። የቀረው እንዲያነብና እንዲያርም ዕድል መስጠት ነው። ረቂቁን ላኪለት። ስለ ዛፍ ረድፎቹ ያንን ጥያቄ ለእሱም አቅርቢለት፤ ካንቺ የበለጠ ያስታውስ ይሆናል። ሐሳቡ አብስትራክቱ ውስጥ ከገባ ለአድቫይዘርሽ «ረዳት ብቻ አይደለም» ለማለት ማስረጃ አለሽ። ዝርዝሩን ጽፈሽ አሳዪያቸው፤ ማን ምን ሠራ። ክርክሩ ከስሜት ወጥቶ ወረቀት ላይ ሲቀመጥ ብዙ ጊዜ ያጥራል።

የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገርሽስ? ተያት። የማታስኬድሽ ስለማታምኚባት ይመስለኛል። «የደን መቆራረጥ ከፍተኛ ስጋት መሆኑ ይታወቃል» ብለሽ ጀምረሽ ኋላ «እኔ ግን ልዩነት አላየሁም» ልትዪ ነው። ገና በሯ ላይ ከራስሽ ጋር ተጣላሽ። ደግሞ ያን ጉባኤ የሚገመግም ሰው መቆራረጥ ምን እንደሆነ እንድትነግሪው አይፈልግም። ብዙውን ጊዜ የሚፈቀድልሽ 250 ወይም 300 ቃል ነው፤ አንዲቱን እንኳ ለታወቀ ነገር አታባክኚ። እንዲህ ብትጀምሪስ፦ «በእርሻ መሀል የቀረ ደን ከሌሎች ደኖች መራቁ የወፎቹን ዝርያ ብዛት ይቀንሳል ወይ? በ28 ቁራጭ ደኖች ሁለት የመራቢያ ወቅት ቆጥረን፣ በአራት የተለያዩ ሬዲየሶች ፈትነን፣ የተጠበቀውን ቅናሽ አላገኘንም።» ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። ጥያቄው፣ ሥራውና መልሱ አለበት። ከዚያ የደኖቹን ስፋት፣ የካርታሽን ፒክስል፣ የግምቱን ወሰን ጨምሪ። መጨረሻው ላይ «ውጤቱ በጉባኤው ይብራራል» አትበዪ። የዛፍ ረድፎቹን ነገር አንሺ። ርዕሱ ራሱ መልሱን ቢናገር ደስ ይለኛል።

በቃል ወይስ በፖስተር ለሚለው፣ ቅጹ ላይ «ሁለቱም ይሆነኛል» የሚል ምርጫ ካለ እሱን ያዢ። የቃል ማቅረቢያ ሰዓት ውስን ስለሆነ ብዙ ጉባኤዎች ጥሩ ሥራን ወደ ፖስተር ያዞራሉ። ያ ውድቀት አይደለም። እኔ በምርምር ላይ በነበርኩበት ጊዜ አንድ ጉባኤ ላይ ፖስተሬ ፊት ሁለት ሰዓት ቆሜ ሦስት ሰው ብቻ መጣ። ሁለቱ አንብበው አለፉ። ሦስተኛዋ ጎንበስ ብላ ትንሿን ሠንጠረዥ ስታይ ቆየችና «እኔም ይኸው ነው የወጣልኝ፤ ለማንም አልተናገርኩም» አለችኝ። ለዓመታት አብረን ሠራን። አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ብቆም ያቺን ሴት አላገኛትም ነበር። ፖስተር ከደረሰሽ ታዲያ ያን የአራት ሬዲየስ ሥዕል መሀሉ ላይ አግዝፈሽ አስቀምጪው፤ ከሁለት ሜትር ርቀት ይነበብ። ጽሑፉን ቀንሺ።

ያለፈውን የእምቢታ ኢሜይል ግን ዳግም ከፍተሽ አታንብቢው። ምክንያት ያልተጻፈበት መልስ የሚያስተምርሽ ነገር የለውም። አሮጌውን አብስትራክት ግን ክፈቺ። አሁን በሚያውቀው ዓይንሽ እዪው፤ ጥያቄው የት ነበር? ቁጥር ነበረበት? ካላገኘሽው ምክንያቱ እሱ ሊሆን ይችላል።

ጥቃቅኑን ነገር በችኮላ ልጥቀስ። የማስገቢያው ሰዓት በየትኛው የሰዓት ክልል እንደሆነ እዪ። በመጨረሻው ሌሊት አታስገቢ፤ ሲስተሙ ይጨናነቃል። ቢያንስ ሁለት ቀን ቀድመሽ ጨርሺው። የተማሪ ቅናሽና የጉዞ ድጋፍ ማመልከቻ ካላቸው ቀኑ ከአብስትራክቱ ሊቀድም ስለሚችል ዛሬውኑ ተመልከቺ። አብስትራክት ማስገባት ብዙውን ጊዜ ኋላ በመጽሔት ማሳተምን አይከለክልሽም። ከደኖቹ በአንዱ የብርቅዬ ወፍ ጎጆ ካገኛችሁ ደግሞ ትክክለኛ ቦታውን ካርታ ላይ አታሳዪ።

ነገ ጠዋት ያቺን ዓረፍተ ነገር ሰርዘሽ በጥያቄሽ ጀምሪ። ነገ ማታ ረቂቁ በአድቫይዘርሽ ኢሜይል ውስጥ ይደር። ለጓደኛሽ ግን አትጻፊለት፤ ደውዪለት። «ስምህ እንዲገባ እየታገልኩ ነው፤ ገና አልተወሰነም» በዪው፤ ከዚያ ወደ ብቻው ደን በየት በኩል ትገቡ እንደነበር ጠይቂው።